በሌሊት ወፍ ፈንታ የሠራሁት መረቅ

ሰኞ ጠዋት ዌስት ሴንት ፖል፣ ሮበርት ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሥራ የምትመድብልን ልጅ ነበረች። «ዛሬ እንዳትሄጂ፣ ሺፍቱ ካንስል ሆኗል» አለችኝ።

«ምነው፣ እማማ ሆስፒታል ገቡ እንዴ?»

«ትናንት ማታ ዐረፉ» አለች። መብራቱ ተቀይሮ ከኋላዬ ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

እማማ እላቸው ነበር። ከፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ከማሪያና ደሴቶች የመጡ ባልቴት ነበሩ፤ በልጃቸው ቤት የምንከባከባቸው እኔ ነበርኩ። ከገና ወዲህ ምግብ ጠልተው ነበር። የሚያምራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ የአገራቸው ትልቅ የሌሊት ወፍ።

«ፍሬ ብቻ ነው የሚበላው፤ ሥጋው ራሱ ፍሬ ፍሬ ይላል» ይሉኛል።

«በእኛ አይበላም፣ እማማ።»

«እሰይ፣ ለእኔ ይተርፋል።»

ከሳቁ በኋላ ግን ፊታቸው ይከብዳል። ያ ዝርያ ከእነሱ ደሴቶች በቀር የትም የለም፤ እዚያም ተመናምኖ ማደን በሕግ ተከልክሏል። «ልጆቼ ጣዕሙን አያውቁትም» ይሉ ነበር፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው።

«እንግዲያው በዶሮ ልሥራልዎት» አልኳቸው።

«ዶሮማ ዶሮ ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «መረቁ ግን ያው ነው። ዝንጅብሉን አትሰስቺ።»

የኮኮናት ወተቱን ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ካለ ሱቅ ገዛሁ። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ለሰው የፍስክ ምግብ እሠራለሁ እንጂ አልቀምስም። ስለዚህ ሁልጊዜ ጨው የሚቀምሱልኝ እሳቸው ነበሩ። ማንኪያውን እፍ እያልኩ አልጋቸው ድረስ እወስዳለሁ፤ «ጾምሽ ጨው ይፈራል እንዴ፣ ጨምሪበት» ይሉኛል።

ቅዳሜ ሠርቼ ስጨርስ ግን እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ልቀሰቅሳቸው አልቻልኩም። ጨዉን በዓይኔ ገምቼ ጨመርኩ፣ ድስቱን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ለልጃቸው ነግሬ ወጣሁ። እሑድ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ሐሳቤ ያ ድስት ላይ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ለቅሶ ስደርስ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር፣ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ብዬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል።

እሑድ ከአልጋቸው አጠገብ የነበራችሁ፣ እባካችሁ እኔን ለማጽናናት ብላችሁ አትንገሩኝ። እውነቱን ብቻ፤ ከመረቁ ቀመሱ? ከቀመሱ፣ ጨው ጎድሎት ነበር?