በፕላስቲክ የታሸገው ዲግሪ

አዲስ አበባ ያለው የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ አንዲት ወረቀት በስኮች ተለጥፋለች። «ላሚኔት የተደረገ ማስረጃ አናስተናግድም» ትላለች። ከሐረር ተነስቼ አንድ ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ፣ በማግስቱ ሦስት ሰዓት ተሰልፌ፣ ይህችን ወረቀት ያየኋት ከፊቴ አራት ሰው ሲቀር ነው። ዲግሪዬ በእጄ ነው። ከዳር እስከ ዳር በፕላስቲክ ታሽጎ እንደ ትሪ ድርቅ ብሏል።

መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ገና ሳላቀብላት ሳቀች።

«ይሄን ማን ነው እንዲህ ያሸገው?»

«አባቴ።»

«ታዲያ ማኅተሙን የት ላሳርፈው? ፕላስቲኩ ላይ?»

«እዚያው ላይ ብታደርጊውስ?»

«ይለቃል የኔ ወንድም። የሚመታው ወረቀቱ ጀርባ ላይ ነው። ወይ አስልጠህ አምጣ፣ ወይ ከኮሌጅህ ምትክ አጽፍ።»

ከኋላዬ የቆመ ጎልማሳ «ለዝናብ አስበህ ነው?» አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቄ ነው።

ማኅተሙ ለምን እንዳስፈለገኝ ልናገር። ሐረር ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ተምሬ፣ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ሲመሽ ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አላሳተመልኝም። ከተማው ጠቦኝ ነበር። አውስትራሊያ በሙያቸው ከምትቀበላቸው ሰዎች መካከል የሒሳብ ባለሙያ እንዳለበት ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ነገር ግን ቪዛ ከመጠየቅህ በፊት እዚያ ያለ የሙያ ማኅበር ዲግሪህን ይመዝናል። ሐረር ላይ አካውንታንት የተባለ ሰው በእርግጥ አካውንታንት መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ዲግሪው፣ ውጤቱና የእያንዳንዱ ኮርስ ዝርዝር በመንግሥት ማኅተም ተረጋግጦ ሊላክላቸው ይገባል። የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትም አብሮ ይላካል፤ ውጤቱ ደግሞ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው።

ፈተናውን አልፌ ነበር። ከዚያ በኋላ የኮርስ ዝርዝር ለማሰባሰብ ብቻ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀሁ። ኮሌጁ ዝርዝሩን አላስቀመጠም። ግማሾቹ አስተማሪዎች ከተማውን ለቀዋል፤ አንዱ ያስተማረንን ኮርስ ስም እንኳ እኔው አስታወስኩት። መስኮቱ ጋ ቆሜ በተሳቀብኝ ቀን የቀረኝ አምስት ወር ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ማኅተሙ ካልተመታ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል።

አባቴ ከሐረር ወጣ ብላ ባለችው ሶፊ ውስጥ ጫት የሚያለማ ገበሬ ናቸው። ለቅመው ከከተማው በሮች አንዱ ወደሆነው ኤረር በር አምጥተው ይሸጣሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀት ምን እንደሆነ ግን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የመሬታቸውን ወረቀት በእንጨት ሳጥን አስቀምጠውት ምስጥ በላው። አንድ ጎረቤት በምንጩ በኩል ያለው ቁራጭ የእኔ ነው ብሎ ሲነሳ፣ የሚያሳዩት ነገር ስላልነበራቸው ቁራጩን ተነጠቁ። በተመረቅሁ ማግስት ዲግሪውን «እስቲ ልያዘው» ብለው ወሰዱት። ከሰዓት በኋላ ከፎቶ ቤት ሲመለሱ ፕላስቲኩ ገና ትኩስ ነበር። ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘውት ነው የመጡት።

«በል አሁን ምስጥ ይምጣ!» አሉ።

ያን ቀን ደስ ብሎኛል። ይህን ሳልናገር ንዴቴን ብቻ ባወራ ውሸታም እሆናለሁ።

ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ ያሸገው ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ አንዱን ጥግ በምላጭ ከፈተና ቀስ ብሎ ይገነጥለው ጀመር። የጥጉ የጌጥ ሐረግ ከነቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ተነሳ። ትንሽ ወረድ ብሎ የዲኑ ፊርማ አለ።

«በቃ፣ ተወው!» ብዬ ቀማሁት።

ቀጥዬ ኮሌጁ ሬጅስትራር ዘንድ ሄድኩ። የሦስት ገጽ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ሰውየው ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ገጣሚ ነህ ይሉሃል፤ እውነታቸውን ነው። ይሄ ቤት ሳይመታ የቀረ ግጥም ነው።»

«ምትክ ነው የምፈልገው።»

«ዲግሪ አንዴ ነው የሚሰጠው። ምትክ የምንሰጠው ለጠፋበት ሰው ነው።»

«ይኸው፣ አልጠፋም።»

«ችግርህም እሱ ነው።» በሩን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለምን ጠፋብኝ አትልም? ከፖሊስ የጠፋ ማስረጃ ወረቀት ታመጣለህ፣ ጋዜጣ ላይ ታሳውጃለህ፣ አለቀ።»

«ደንቡ እንዲህ ይላል?»

«ደንቡ እንዲህ ነው።»

እውነቱን ይዤ የመጣሁትን ሰው ዋሽተህ ና አለኝ። ይህን የሚለው ደግሞ «ታማኝነትና ሙያ» የሚል ጽሑፍ ከኋላው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ነው። እኔም ሄድኩ። መዋሸቱ አልነበረም የከበደኝ፤ ጊዜው እያለቀ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ያለው ተረኛ፣ ማስረጃው ከቤት ነው የጠፋው ካልክ ያስቀመጠው ሰው መጥቶ ቃሉን ይስጥ አለኝ። ያስቀመጡት አባቴ ናቸው።

ሶፊ ሄጄ ዲግሪውን ቤት አስቀመጥኩና ነገሩን ነገርኳቸው። «መምጣቱን እመጣለሁ» አሉ። የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው መጡ። ተረኛው ፖሊስ መዝገቡን ገለጠ።

«አባባ፣ የልጁ ዲግሪ ጠፍቷል?»

አባቴ እኔን አዩኝ። ከዚያ ፖሊሱን።

«ወላሂ አልጠፋም። ቤት አለ። ያሸግሁት እኔ ነኝ።»

ፖሊሱ እስኪርቢቶውን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። «ወንድም፣ አባትህን ይዘህ ሂድ። እሳቸው ባይሆኑ ኖሮ ዛሬ አንተን ነበር የምመዘግብህ።»

እስከ ኤረር በር ከፊታቸው ከፊታቸው ሄድኩ። በሩ ጋ ስንደርስ፣ ጫት ሻጮቹ መሐል ቆምኩና ጮኽኩባቸው።

«ለምን መጡ ታዲያ? እንዲህ ሊሉ ከሆነ ለምን መጡ?»

«ጠየቀኝ፤ መለስኩ።»

«ሁለት ቃል ነበር እኮ! አዎ፣ ጠፍቷል! ሁለት ቃል! መጀመሪያ በፕላስቲክ ቀበሩኝ፣ አሁን ደግሞ ጉድጓዱን አፈር ሞሉት!»

ጫት ሻጮቹ ሥራቸውን አቆሙ። ከመካከላቸው አንዷ፣ አባቴን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቅ ሴት፣ «አንተ! የምታናግረው አባትህን ነው!» ብላ እፍኝ የጫት ገለባ ወረወረችብኝ። አባቴ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወደ ሶፊ የሚሄደው መኪና ላይ ወጡ። አንድ ወር ሙሉ ቤት አልሄድኩም።

በዚያ ወር ውስጥ የማልናደድበት ሰው አልነበረም። በሬጅስትራሩ፣ በመስኮቷ ልጅ፣ አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች ባሕር ማዶ ተቀምጠው ዕውቀቴን ሊመዝኑ በመፈለጋቸው። ከሁሉም በላይ በአባቴ። ቅር ያሰኘኝ መዋሸት አለመቻላቸው ብቻ አልነበረም፤ እኔ እንደምችል ማወቃቸውም ጭምር ነው። የእንግሊዝኛው ውጤት ጊዜው ሊያልፍበት ሁለት ወር ቀረው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሬጅስትራሩ ስልክ ደወለልኝ። «ና ሰዎችህን ውሰድልኝ» አለ። ምን ሰዎች እንደሆኑ ሳልጠይቅ ከፋብሪካው ባጃጅ ይዤ በረርኩ።

ዲኑ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሽማግሎች ቆመዋል፤ በእኛ በኩል ጃርሳ እንላቸዋለን። አንዱ አባቴ ናቸው። ሁለቱን ከሶፊ አውቃቸዋለሁ፤ ሰው ሲጣላ፣ ድንበር ሲያከራክር፣ ልጅ ሲታጭ የሚጠሩ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት ተቀምጧል። ሽማግሌ የተላከለት ሰው ፊት የሚቀመጠው እንደዚያ ነው። አባቴ ኮሌጁን ሽማግሌ ልከው ሊለምኑ መጥተዋል። አፈርኩ። መሬት ብትውጠኝ ምኞቴ ነበር።

«አባቶቼ፣ እባካችሁ ተቀመጡ» ይላል ዲኑ። ጫት የሚቅም ሰው አይደለም፤ ጥቅሉን የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶታል።

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ዱዓችንን አድርገናል። ልጁ አጥፍቶ ከሆነ እንቅጣው። አባቱ አጥፍቶ ከሆነ እንቅጣው። ማን ነው ያጠፋው?»

«ማንም አላጠፋም። ደንቡ ነው የማይፈቅደው።»

«ደንቡ የታለ?»

«መጽሐፉ ውስጥ።»

«አውጣና አንብብልን። እኛ ዘንድ ሕግ ሲፈረድ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ሕጉን ሰምተን ልክ ከሆነ እንሄዳለን፤ አናስቸግርህም።»

ዲኑ ሬጅስትራሩን አየው። ሬጅስትራሩ ከመደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ ጥራዝ አወረደ። ገጹን ለማግኘት ጊዜ ፈጀባቸው፤ ቶሎ ቶሎ የሚገለጥ መጽሐፍ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ዲኑ ማንበብ ጀመረ።

«የተሰጠ ዲግሪ ቢጠፋ፣ ወይም ተበላሽቶ ከአገልግሎት ውጪ ቢሆን...»

ቆመ።

«ድገመው እስቲ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«...ወይም ተበላሽቶ ከአገልግሎት ውጪ ቢሆን፣ ባለቤቱ የተበላሸውን መልሶ ምትክ ሊጠይቅ ይችላል።»

ሬጅስትራሩ መነጽሩን ይጠርግ ጀመር። አባቴ ዲግሪዬን ከጋቢያቸው ስር አወጡና ጫቱ አጠገብ አስቀመጡት። ከዚያ ሦስቱም ተቀመጡ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የምሄድበት እስኪጠፋኝ ድረስ ነደደኝ። «ደንቡ እንዲህ ነው» ብሎ ሦስት ወር ያንከራተተኝ ሰው ደንቡን አንብቦት አያውቅም። ኑሮዬ ወረቀት ማንበብ የሆነው እኔ፣ ሲመሽ ቃል እየመረጥሁ ግጥም የምጽፈው እኔ፣ አንድ ቀን እንኳ «አሳየኝ» አላልኩም። አንብቡልኝ ያሉት ማንበብ የማይችሉት ሰዎች ናቸው። እኔ ያልተነበበን ነገር አምኜ ልዋሽ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፣ አባቴን በአደባባይ አዋረድኩ። ሬጅስትራሩን ልሰድበው አፌን ስከፍት ትልቁ ሽማግሌ በከዘራቸው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። ተራ በተራ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አባቴ ጋ ስደርስ ገና ጎንበስ ሳልል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ይበቃል። ሂድ፣ ሥራ ይጠብቅሃል» አሉ።

ምትኩ በሦስተኛው ሳምንት ተጻፈ። አዲስ አበባ ያችው ልጅ ጀርባው ላይ ማኅተሙን መታች፤ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የእንግሊዝኛው ውጤት ጊዜው ሊያልፍበት አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ሁሉንም ላክሁ።

መልሱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ፖስታ ቤቱ አካባቢ ያለ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ነበር ያነበብኩት። አንዲት አንቀጽ ናት። ትምህርትህ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ለቪዛ ማመልከት ትችላለህ ትላለች። አራት ዓመት ተምሬ፣ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቼ፣ አካውንታንት መሆኔን ነገሩኝ። እዚያው ተቀምጬ አባቴ ጋ ደወልኩ። ማሳ ውስጥ ነበሩ፤ ንፋሱ ይሰማል።

«ተቀበሉኝ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ከዚያ ጠየቁኝ፦ «መቼ ነው የምትሄደው?»

«ገና ነው። ቪዛው ራሱ ገና ነው።»

«ቢሆንም። ክረምት ሳይገባ ነው ወይስ ከገባ በኋላ?»

«አላውቅም አባ።»

«ሰው ልቅጠር እንደሆነ ብዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለቀማው ላይ አንተ ነበርክ። ከአሁኑ ካልነገርኩት ሰው አይገኝም።»

«አላውቅም አልኩ እኮ!»

ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ ካፌው ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። አባቴ ስልኩን አልዘጉትም። ንፋሱና ትንፋሻቸው ይሰማኛል። መልስ እየጠበቁ ነበር።