በሕማማት ያልቀነሰው ቆጣሪ

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ የካ አባዶ፣ ከኮንዶሚኒየማችን በታች ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ተራዬን ስጠብቅ አንዲት ወጣት ኢንጂነር ግድግዳው ላይ ሰፊ ስክሪን አሰቅላ ስታበራው አየሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ «ኳስ ሊያሳዩን ነው?» አሉ። ኳስ አልነበረም። የአካባቢው ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የወረዳ ቢሮዎች ስም ተደርድሮ በየስማቸው ፊት አረንጓዴና ቀይ መስመር ተሰምሯል። መስመሩ እያንዳንዱ ሕንፃ በወሩ ምን ያህል መብራት እንደተጠቀመ የሚናገር ነው። ተነሥቼ ሄድኩ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«አዲስ ሲስተም ነው አባባ። ሕንፃዎቹን በኢነርጂ አጠቃቀማቸው ያወዳድራቸዋል።»

«አዲስ እንኳን አይደለም። እኔ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ሠርቼዋለሁ።»

ለሽማግሌ የምትሰጠውን ፈገግታ ሰጠችኝ። አልቀየምኳትም። ባታውቅ ነው። ለእሷም ለሌላውም እንዲሆን ይኸው ጻፍኩት።

እኔ በክፍል የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ነው። የቀረውን ራሴ ነኝ ያስተማርኩት። ሽፋኑ የተገነጠለ የሬዲዮ ጥገና መጽሐፍ አግኝቼ፣ የማላውቀውን ቃል ሰው እየጠየቅኩ፣ ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻው ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ኮሌጅ በጥሰው ከመጡ ሰዎች ጋር ስሠራ ኖሬ በመብራት ጉዳይ ያፈርኩበት ቀን የለም። ራስን ዝቅ ማድረግ ጥሩ ነው ይላሉ፤ እውነት መናገርም ጥሩ ነው።

ያን ጊዜ ተላላኪ ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን ቦሌ ሆኖ በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ያሉ የመንግሥት ሕንፃዎችን ጥገና ይመለከታል። ብስክሌት ተሰጥቶኝ ደብዳቤ አደርስ ነበር፤ ለአንድ ክሊኒክ፣ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ከጉርድ ሾላ አለፍ ብሎ ደግሞ ለአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት። ዛሬ ጉርድ ሾላ ሰውና ታክሲ የሚጋፋበት ቦታ ነው። ያኔ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነበር። ሽንብራው እሸት ሲሆን ገበሬዎቹ አንድ እቅፍ ይሰጡኛል፣ ብስክሌቱ ላይ አንጠልጥዬ እየፈለፈልኩ እነዳለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ጎማውን እየያዘ፣ ብስክሌቱ እኔን መሸከሙ ቀርቶ እኔ እሸከመዋለሁ።

በየደረስኩበት ደብዳቤው ተፈርሞ እስኪመጣልኝ የመብራት ቆጣሪው ሥር እቆም ነበር። በመስታወቱ ውስጥ የምትሽከረከረው ክብ ብረት ደስ ትለኛለች። ማንም ሳያዘኝ ቁጥሩን በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። ወር ሁለት ወር ሲሆነኝ ሕንፃዎቹን ማወዳደር አማረኝ። ነገር ግን ትልቅ ቤት ከትንሽ ቤት ጋር ዝም ብሎ አይወዳደርም ብዬ በክፍሎቻቸው ብዛት አካፈልኩት። ይህንን ማን አስተማረኝ? ማንም!

ትምህርት ቤቱ ከሌሎቹ እጥፍ ይበላል። ደብተሬን ይዤ የክፍላችን ኃላፊ አቶ ግርማቸው ፊት ቀረብኩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አገላበጡት።

«ደብዳቤ አድርስ ብለን ብንቀጥርህ ቆጣሪ ስትቆጥር ከረምክ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ውስጥ አድናቆት ነበረበት፤ እኔ አድናቆትን ከሩቅ ነው የምለየው። ከዚያ ጣታቸውን ትምህርት ቤቱ ላይ አሳረፉ። «እዚያ ያቺ የክበቡ ሴትዮ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው አይደል የምታበስለው?»

«አዎ፣ በኤሌክትሪክ ነው።»

«በቃ፣ ተገኘቻ!»

እኔም በልቤ «በቃ፣ ተገኘች» አልኩ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ያፏጨሁት ፉጨት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በሳምንቱ ለትምህርት ቤቱ የመምህራን ክበብ የታሸገ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ክበቡን የሚሠሩት እትዬ የሺ፣ ሁለት ሴት ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። በሄድኩ ቁጥር «ተካልኝ፣ መንገድ የሚበላው ሰው ይበላል፣ ተቀመጥ» ብለው ቃሪያ የተሰነገበት ሽሮ ያቀርቡልኛል። ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤውን መልሰው ሰጡኝ።

«አንብብልኝ እስቲ፣ ደግ ነገር ይሁን።»

አነበብኩላቸው። ከመጠን በላይ መብራት በማባከንዎ፣ ከፋሲካ በዓል በኋላ ክበቡን ለቀው እንዲያስረክቡ ይላል። እትዬ የሺ ዞረው ምድጃቸውን አዩ። ሁለት ዓይን ያላት፣ አንዱ ዓይኗ የማይሠራ፣ እግሯ በድንጋይ የተደገፈ ምድጃ ነች።

«ይቺ? ይቺ ናት የትምህርት ቤቱን መብራት የበላችው? ልጆቼን ይዤ የት ልሂድ ነው የሚሉኝ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማነው ግን ቆሞ የቆጠረኝ?»

ሽሮው ፊቴ ነበር። ሳልበላ ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ። 

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ይተወው ነበር። እኔ ግን ቁጥሩን ያመጣሁት እኔ ከሆንኩ የምመልሰውም እኔ ነኝ አልኩ። ሌሊትም ቀንም አሰብኩ። ምድጃዋ ትብላ አትብላ እንዴት ይታወቃል? ክበቡን ዝጉልኝ ብል ማን ይሰማኛል?

ክበቡን የዘጋልኝ ሕማማት ነው። ሰኞ ጠዋት ስደርስ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። እትዬ የሺ ሳምንቱን ሙሉ ስግደት ላይ ናቸው። ከዚያ ወደ ክሊኒኩ በረርኩ፤ የዚያም ወጥ ቤት ሠራተኛ እንደዚሁ ቆልፋ ሄዳለች። ቤተ መጻሕፍቱ መጀመሪያውኑ ምድጃ የለውም። ሲገባኝ ከብስክሌቴ ልወድቅ ነበር! ሦስት ሕንፃ፦ አንዱ ምድጃ ኖሮት ያጠፋ፣ አንዱ ምድጃ የሌለው፣ አንዱ የተከሰሰው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩትን ነገር እኔ ኮርቻ ላይ ሆኜ አገኘሁት።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሦስቱንም በየቀኑ አነበብኩ፣ ከደብዳቤው ወዲህ በየቀኑ እየዞርኩ ጽፌ ነበርና ካለፈው ሳምንት ተመሳሳይ ቀኖች ጋር አስተያየሁ። የክሊኒኩ ቁልጭ ብሎ ቀነሰ። የቤተ መጻሕፍቱ እንደነበረ ነው። የትምህርት ቤቱም እንደነበረ ነው፤ የዚያች ምድጃ ድርሻ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አልታየም። እትዬ የሺ ቤተ ክርስቲያን ወድቀው ሲነሡ ቆጣሪው እዚህ ይበላል።

ሐሙስ ጠዋት ዘበኛውን ጋሽ ደበሌን የቆጣሪውን ሳጥን አስከፈትኳቸው። ጋሽ ደበሌ ቁርጥማት እግራቸውን የያዘው፣ ቁልፍ ሁሉ ወገባቸው ላይ የሚንሿሿ ሰው ናቸው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ ክቧን ብረት አያለሁ። አንደኛው፣ ምንም። ሁለተኛው፣ ምንም። ወደ ሦስተኛው ስሄድ እጄን ያዙኝ።

«እሱን ተወው።»

«ለምን ጋሼ?»

«ምንም ላይ አይሄድም እሱ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው።»

ነቀልኩት። ብረቷ ቀስ አለች፣ ቀስ አለች፣ ቆመች።

መስመሩን በዓይኔ ተከትዬ ከሕንፃው ጀርባ ዞርኩ። ድሮ ለስፖርት አስተማሪዎች የተሠራ፣ ከተዘጋ የቆየ የገላ መታጠቢያ ክፍል አለ። ከሥሩ በወጣችው ቦይ ዙሪያ ግቢው ሁሉ ደርቆ ሳር ለምልሟል። ከውሃው ላይ እንፋሎት ይነሣል። በአጠገቡ ደግሞ አንዲት በርጩማ ተቀምጣለች። ውስጥ ያለው ቦይለር ሳይጠፋ ተረስቶ፣ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ተበልቶ፣ እያሞቀ ያፈሳል፣ እያፈሰሰ ያሞቃል።

«ጋሽ ደበሌ፣ ይቺ በርጩማ የማን ናት?»

«እግሬን የምነክርባት ናት» አሉ እየተቅለሰለሱ። «ጠዋት ጠዋት ካልነከርኩት አያስረግጠኝም። ፍልውሃ ድረስ በምን እግሬ ልሂድ? እግዜር እዚሁ አፈለቀልኝ ብዬ ዝም አልኩ። አታጥፋብኝ፣ አንተ ልጅ።»

«በዚህ ውሃ ምክንያት እኮ ነው እትዬ የሺ የሚባረሩት።»

ትክ ብለው አዩኝ። አላወቁም ነበር። ከወገባቸው አንድ ቁልፍ ፈትተው ሄዱና በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ ማጥፊያውንም ራሳቸው ተጫኑት። ከዚያ በርጩማዋን አንሥተው፣ እያነከሱ ወደ ዋናው በር ተመለሱ።

በፋሲካ ማግሥት አቶ ግርማቸው ጋ ገባሁ።

«ደግሞ ምን ቆጥረህ መጣህ?»

«ተሳስተናል ጌታዬ።»

«ተሳስተናል? ቁጥሩን ያመጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ቁጥሩ ልክ ነው። የተሳሳተው ፍርዱ ነው።»

ተላላኪ አለቃውን እንዲህ አይናገርም። እኔ ተናገርኩ። ደብተሩን ዘርግቼ የሕማማትን ሦስት ቀን፣ ከዚያም ቦይለሩ ከጠፋ በኋላ ያለውን አሳየኋቸው። ቁጥሩ ከሌሎቹ ጋር ገጥሟል። ገጹን ወዲያና ወዲህ አገላበጡ። በመጨረሻ «ስንተኛ ክፍል ነህ አንተ?» አሉኝ።

«ስድስተኛ።»

«ይበቃሃል» አሉና የመሻሪያውን ደብዳቤ ጻፉ።

እሱንም ያደረስኩት እኔ ነኝ። አንብቤ ስጨርስ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ የቆጠርኩት እኔ መሆኔን፣ በሕማማትም ቆጣሪውን ማንበቤን። እትዬ የሺ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ ስሰግድ ወገቤ ሲቆረጥ አንተ ምድጃዬን ትሰልላለህ?» አሉ፤ ከዚያ ሳቁ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ተቀመጥ። ያን ቀን የተውከውን ትበላለህ፣ ከነወለዱ።» ከጾም በወጣ ሆዴ ዶሮ አቀረቡልኝ።

ከዚያ ወዲያ የሕንፃዎቹን ሁሉ ቆጣሪ ማንበብ የእኔ ሥራ ሆነ። ደብተሩን ራሴ አሰመርኩት፤ ቀን፣ ቁጥር፣ ልዩነት፣ በመጨረሻም ምክንያት። እስከ ጡረታዬ ድረስ መሥሪያ ቤቱ የሠራው በዚያ አሰማመር ነው። በትምህርት ቤቱ ቁጥር ላይ ግን ወዲያው ትንሽ ጭማሪ መጣች። ሄጄ አየሁ። እትዬ የሺ ማለዳ ማለዳ በዚያች አንድ ዓይን ምድጃ አንድ ባልዲ ውሃ አሙቀው ለጋሽ ደበሌ ይሰጣሉ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ታይቷል፣ በቂ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ግርማቸው አንድም ቀን አልጠየቁኝም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ይህንን አሳጥሬ ለኢንጂነሯ ነገርኳት። ተራዬ ተጠርቶ አልፎኛል። የመጀመሪያው ፈገግታዋ ሌላ ሆነ፤ ስልኳንም ኪሷ ከታ ነበር የምታዳምጠኝ። ቀዩን መስመር አየሁ፤ ርዝመቱን ይናገራል፣ ከጀርባው ማን እንዳለ ግን አይናገርም።

«ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለው?» አልኳት።

«አለው አባባ። ግን ሁሉም ባዶ ነው። በየሕንፃው ዞሮ የሚሞላልን ሰው አጥተን ነው።»

ምርኩዜን አነሣሁ።

«ከየትኛው እንጀምር?» አልኳት።