የሐይቅ መስመር

ሥራ የገባሁ ቀን አለቃዬ አቶ ገብረመድህን ማዳመጫውን ራሴ ላይ ደፋልኝና፣ «ለተብርሃን፣ እዚህ ቤት ጆሮሽ ይሥራ፣ አፍሽ ይረፍ» አለኝ። ያኔ መቐለ ሞባይልን በስሙም አታውቀውም። ሩቅ አገር መደወል የፈለገ ሰው እኛ ስልክ ቤት መጥቶ ቅጽ ይሞላል፣ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ ገመዱን መስመር ማገናኛው ሰሌዳ ላይ እሰካና «ካቢን ሦስት ግቡ!» እላለሁ። እንደኔ ምላሷ ለማያርፍ ሴት ቅጣት ነበር፤ ግን ለመድኩት።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጉልበቴን ስታሞቀው፣ ቁጭ ብዬ የማልም ይመስለኝ ነበር። ከመቐለ ወጥቼ ሳላውቅ አገሩን ሁሉ በጆሮዬ ዞርኩት። አላማጣ ነፋስ ነበረች። ደሴ መስመር ላይ ስትመጣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል። ሐይቅ ከተማ ላይ ጥሩነህ የሚባል ኦፕሬተር ነበረ፤ ዐይቼው አላውቅም፣ ሲያዛጋ ግን አውቀዋለሁ። ወይ ጉድ፣ ያንን ሰዓት እንዴት እወደው ነበር!

ዘይነባ የወሎ ሰው ናት፤ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። እናቷ ሐይቅ ታመው ተኝተዋል። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ልትደውል ትመጣለች፤ ታላቅ ወንድሟም ሐይቅ ስልክ ቤት ቆሞ ይጠብቃታል። «ለተዬ፣ የኔ ዓለም፣ እስቲ የእማን ድምፅ ከነሳሏም ቢሆን ባገኘው» ትለኛለች። እናትየው ግን ከአልጋ መነሣት አይችሉም፤ የምትሰማው የወንድሟን ወሬ ብቻ ነው።

አንድ ጁምዓ ሐይቅን ስጠራ ጥሩነህ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዘይነባ እዚያ ናት?»

«አግዳሚው ላይ ናት።»

«እናቷ ጎህ ሲቀድ ዐርፈዋል፤ ቀብሩም አልቋል። ወንድሟ ወደ እናንተ ተሳፍሯል፣ ነገ ከሽማግሌ ጋር ሆኖ ያረዳታል። በስልክ እንዳትሰማ፣ አደራ!»

መርዶ በሽቦ አይነገርም፤ በእኛም በወሎም ወጉ ይሄ ነው። ሮጬ አለቃዬ ዘንድ ገባሁና «ምን ልበላት?» አልኩት።

«መስመር ተበላሽቷል በያትና ወደ ቤቷ ትሂድ።»

አልኳት። እሷ ግን መች ሄደች! «ግድ የለም፣ ይሠራ ይሆናል» ብላ ተቀመጠች። የዐስር ሶላት ሲደርስ ከዘንቢሏ ጨርቅ አውጥታ አግዳሚው ጀርባ አንጥፋ ሰገደች። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ ብዙ ቆየች። እኔ ባዶ ገመድ እየሰካሁ እየነቀልኩ የምሠራ መሰልኩ። ስንዘጋ «ነገ ይስተካከላል፣ አይዞሽ ለተዬ» ብላ እኔኑ አጽናንታኝ ሄደች።

ሐዘኑ ጋብ ሲልላት መጣች። ቅጽ አልሞላችም።

«ያን ቀን መስመሩ ተበላሽቶ ነበር?»

«አልተበላሸም።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ማሪኝ ሓፍተይ፣ ማሪኝ እህቴ።»

«መርዶውንስ ወንድሜ ይንገረኝ፣ ወጉ ነው» አለች። «ግን ወላሂ፣ አፈር ለለበሰች እናቴ ‹ያ አላህ፣ አድናት› እያልኩ ዋልኩ። ‹ማራት› ነበር ማለት የነበረብኝ። ‹ቤትሽ ግቢ፣ ሰው እየመጣልሽ ነው› ብትይኝ ምን ነበረበት? ይገባኝ ነበር እኮ።»



ከዚያ በኋላም ወንድሟ ዘንድ ትደውል ነበር። ሰላምታዋን አልነፈገችኝም፤ ቅጿን ግን ከጎኔ ላለችው ኦፕሬተር ነው የምትሰጠው።

ቆይቶ ሞባይል መጣ፤ ሰሌዳውም አግዳሚውም ተነሡ፣ እኔም ሲም ካርድ ወደሚሸጥበት መስኮት ተዛወርኩ። አሁን ሰው ሓወልቲ አካባቢ ባጃጅ ውስጥ እንዳለ መርዶውን ይሰማል፤ ደግፎ የሚያወርደውም ሹፌሩ ነው። በዐይኔ ዐይቻለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ «የቱ ይሻላል?» ይሉኛል። እኔ እንጃ፤ ይህን ብቻ እላቸዋለሁ፦ መናገር ካልተፈቀደላችሁ «አልናገርም» በሉ። በመሣሪያው አታሳብቡ።