ባለ ደብተሩና አዲሱ ሰርቨር

በመሥሪያ ቤቱ «ባለ ደብተሩ» ይሉታል። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ በወጣትነቱ የጽሕፈት መኪና ይጠግን የነበረ፣ ኮምፒዩተርን አስተማሪ ሳይኖረው ከመጽሐፍ ለቃቅሞ የተማረ ሰው ነው። ስክሪኑ ላይ ኤረር በመጣ ቁጥር እርሳሱን አንስቶ ቃል በቃል ይገለብጠዋል።

«ጋሼ፣ ኮፒ አድርገው እንጂ!» እያሉ ይስቁበታል።

«እጅ የጻፈውን ልብ አይረሳውም» ይልና ይቀጥላል።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን ደብተሩም የሚያድነው አይመስልም ነበር። የሃያ ሁለት ደንበኞችን ዌብሳይት የተሸከመው አሮጌ ሰርቨር ዲስኩ ተዳክሞ ማቃሰት ጀምሯል። አዲስ ተገዝቷል። ዌብሳይቶቹ ወደ አዲሱ ከመዛወራቸው በፊት ግን ሁሉንም ከአንድ ገጽ ላይ ለማስተዳደር የሚረዳው ፕሮግራም፣ ኮንትሮል ፓነሉ፣ መጫን ነበረበት። እሱ ደግሞ አልጫንም ብሎ ድፍን ሁለት ቀን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ።

አራት ሰዓት ላይ ኃላፊዋ ገብታ ከጀርባው ቆመች።

«ጋሼ፣ አልደብቅህም። እስከ ስምንት ሰዓት ካልተጫነ ሥራውን ለውጭ ድርጅት እንስጠው ብለዋል አለቆቹ። ከሰጡት ደግሞ...»

አልጨረሰችውም። ክፍሏ የያዘችው አንድ ሠራተኛ ነው፤ ሥራው ከሄደ ሠራተኛውም መሄዱ ነው።

«አስቀድሜ እኮ ሁሉን አሰናድቼለት ነበር!» አለ ባለ ደብተሩ። «ዌብ ሰርቨሩን ጫንኩ፣ ዳታቤዙን ጫንኩ፣ ኢሜይሉን አስተካከልኩ። መጥቶ መቀመጥ ብቻ ነበር የቀረው!»

«እንግዲህ እግዜር ይርዳህ» ብላ ወጣች።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ናት።

«ቁርስ ቀመስክ?»

«የምን ቁርስ አመጣሽ!»

«ዛሬም ያው ነው?»

«ያው ነው። መጨረሻው ላይ ‹ዳታቤዙን ማስነሳት አልተቻለም› ይላል። ዳታቤዙ ግን ደህና ነው፣ በገዛ እጄ የጫንኩት።»

«መጀመሪያው ላይስ ምን ይላል?»

«መጀመሪያውን ማን ያያል? ሺህ መስመር ነው!»

«አይ አንተ! የቀሚስ እጅጌ ሲጣመም እኔ እጅጌውን አልፈታም። ትከሻው ላይ ነው ነገሩ ብዬ ወደ ላይ ነው የማየው።»

ስልኩን ዘግቶ ደብተሩን ገለጠ። ሁለት ቀን ሙሉ በደብተሩ የገለበጠው የመጨረሻዎቹን መስመሮች ብቻ ነበር። «ጌታዬ፣ ዓይኔን አብራልኝ» አለና ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል ከአናቱ ማንበብ ጀመረ። ዘጠና ሰባተኛው መስመር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አገኘ። ማሽኑ ላይ ሌላ ዳታቤዝ አለ፤ ይህ ፕሮግራም የራሱን ይዞ ስለሚመጣ መጫን ያለበት ባዶ ማሽን ላይ ነው፣ ይላል። ፕሮግራሙ ይህን ብሎ ዝም ብሎ ቀጥሏል፤ ኋላ ሁለቱ ዳታቤዞች በአንድ በር ሲገፋፉ ወድቋል።

እርሳሱ እጁ ላይ ቀረ። እንቅፋት የሆነው የገዛ ትጋቱ ነበር።

አምስት ሰዓት አልፏል። የሁለት ቀን ልፋቱን ማጥፋት ከበደው፤ ግን ምን አማራጭ አለ? ማሽኑን ሙልጭ አድርጎ ጠረገው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ብቻ እንደ አዲስ ጫነና፣ አንድ ነገር ልጨምርበት እያለ የሚያሳክከውን እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፓነሉን አስጀመረ።

ኃላፊዋ ሰባት ተኩል ላይ ስትመለስ መስመሮቹ እየተከታተሉ ይወርዳሉ። ዳታቤዙ ጋ ሲደርሱ ባለ ደብተሩ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። አለፉት። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ንጹሕ ገጽ ተከፈተ።

«ጋሼ! ምን አድርገህ ነው?»

«ምንም! ቀድሞ ሁሉን አደረግኩለት፣ እምቢ አለኝ። አሁን ምንም አላደረግኩለትም፣ እሺ አለኝ።»

ከት ብላ ሳቀችና እዚያው ቆማ አለቆቿ ጋ ደወለች። «ተጭኗል። አይ፣ የውጭ ድርጅት አያስፈልገንም። ሰው አለን።»

«ሰው አለን» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ተመስገን አለ በልቡ። ዘጠና ሰባተኛውን መስመር በደብተሩ በትልቁ ጻፈ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከዚያ ሚስቱ ጋ ደወለ።

«ትከሻው ላይ ነበር» አላት።

«አላልኩህም? በል አሁን ሂድና ብላ!»