ሠርኬ ምን መሆን እንደምትፈልግ ስትጠየቅ

ሠርኬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ሰፍታለች። ኮሌታ ብቻ! ሰባተኛ ፎቅ ላይ ባለው ሸሚዝ ቤት አንዱ እጅጌ ይሰፋል፣ አንዷ ኪስ፣ እሷ ኮሌታ። ጨርቁን የሚቆርጠው ግን ሌላ ሰው ነው። ቆራጭ መቼም የቤቱ ንጉሥ ነው፤ መቀሱን ሰፊ አይነካውም፤ ቢታመም እንኳ ጨርቁ ተጠቅልሎ ይጠብቀዋል እንጂ ሌላ እጅ አያርፍበትም። ሠርኬ ከማሽኗ ቀና ባለች ቁጥር ዓይኗ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ደግሞስ ማን ጠይቋት?

ታዲያ አብነት ሰፈር በኩል አዲስ የልብስ ፋብሪካ ቆራጭ ሊቀጥር ነው ተባለ፤ ሴትም ወንድም። ልብሱን የሚገዙት የውጭ ሰዎች ስለሆኑ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይጀመራል። ኪስ የምትሰፋው ወጣቷ ሩሀማ ሳምንት ሙሉ በማሽን ጩኸት መሃል አስጠናቻት።

«እትዬ ሠርኬ፣ ምን መሆን ይፈልጋሉ ካልዎት፣ ‹አይ ዎንት ቱ ቢ ኤ ከተር› ነው የሚሉት፤ ቆራጭ መሆን እፈልጋለሁ ማለት ነው። ሌላ ነገር እንዳይጨምሩ!»

«ምን እጨምራለሁ አንቺ፣ ይኸው እሱም አፌን አሰረው!»

ቀኑ ደረሰ። ቢላል የሚባል የፋብሪካው ኃላፊ ወረቀቱን አየና ጠየቃት፤ «ዋት ዱ ዩ ዎንት ቱ ቢ?»

ሠርኬ ቀጥ ብላ ቆመች፣ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች፣ ጮክ ብላ «አይ ዎንት ቱ ቢ ኤ ዶክተር!» አለች።

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። «እትዬ፣ ሆስፒታሉ እኮ ወዲያ ማዶ ነው» አለ አንዱ።

ፊቷ እሳት ሆነ። አምስተኛ ክፍል ሳለች መምህሩ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ነበር። ሰባ ተማሪ፣ ነጋዴነት የሚያምረውም ሹፌርነት የሚያምረውም፣ ዓመቱን ሙሉ ባንድ አፍ ዶክተር፣ ዶክተር ሲል ከረመ። የልብን የጠየቀ አልነበረም።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለች ባማርኛ፣ «እሱ የክፍላችን ነው። የእኔን ልንገርዎት?»

ቢላል ብዕሩን አስቀመጠ። «ይንገሩኝ።»

«አይ ዎንት ቱ ቢ… ኤ ከተር።»

ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ለካ እስከዛሬ ባማርኛም ብላው አታውቅም።

«ቆርጠው ያውቃሉ?»

«እሑድ እሑድ፣ ቤቴ። ጋዜጣ።»

ማንም አልሳቀም። ቢላል ሸሚዝ እንድትቆርጥ ጨርቅና መቀስ ገፋ አደረገላት። የጨርቁን ክር በጣቷ ዳበሰች፣ ለካች፣ ደግማ ለካች፣ በጠመኔ አሰመረች። ከዚያ መቀሱን አንሥታ ቆረጠች።

ቢላል የተቆረጠውን አንሥቶ አየው። «ኮሌታው ልክ ነው። እጅጌው ይጠባል።»

«አዎ፣ ይጠባል» አለች።

«በተለማማጅነት ሦስት ወር። ደሞዙ ካሁኑ ያንሳል። ይስማማዎታል?»

በአርባ ስድስት ዓመቷ ተለማማጅ!

«ሰኞ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለች፤ መቀሱ ገና እጇ ላይ ነበር።