ግማሽ ሳሙና ለቱርቦ

ዳገት የሚወጣ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ በቱርቦው በኩል ሲያፏጭ በሰማሁ ቁጥር ከውቤ በረሃ ቁልቁል የነበረው ግቢያችን ይመጣብኛል። ወንድሜ ግርማም ይመጣብኛል፤ ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ።

ያን ክረምት ግርማ ከቤት አይወጣም ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይፈለግ ስለነበር፣ እናታችን «ደሴ አጎቱ ጋ ሄዷል» ብላ ለቀበሌ ተናግራ፣ እሱ የሚሠራበትን ጋራዥ ትቶ በቆርቆሮ አጥራችን ውስጥ ተደብቆ ይውል ነበር። ከእኛ ሌላ መኖሩን የሚያውቁት ጋሽ ታደሰ ብቻ ነበሩ። አትክልት የሚጭኑባት ፒክአፕ ጥቁር ጭስ እየተፋች ዳገት እምቢ ስትላቸው እኛ ግቢ አስገቧት።

«ቱርቦው ሞቷል፣ ይቀየር አሉኝ።»

«ከየት ተገኝቶ ጋሼ? አልሞተም። የሚነፋውን አየር መንገድ ላይ እየበተነው ነው» አለና ግርማ ሳቀ። ከተደበቀ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ግርማ የጎማ ቫልቮላ የተከለበትን የወተት ቆርቆሮ በቱርቦው አፍ ላይ ገጥሞ በከመነዳሪ ቁራጭ ያስረውና፣ እኔ በጎማ መንፊያ አየር ስሞላ፣ እሱ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ የሳሙና አረፋ በብሩሽ ይቀባ ነበር። አየር በሚያፈስበት ቦታ አረፋው ይኮፈሳል።

«ንፋ እንጂ ማሙሽ! ቁርስህን ለድመቷ ሰጠሃት?»

አንዱን ቀዳዳ የቱቦውን ማሰሪያ ፋሸታ አጥብቆ ሲዘጋው ሌላው ያፏጭ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ የእናቴ የወር ሳሙና አለቀ።

በመስከረም ወደ ቀበሌው ኅብረት ሱቅ የሄድኩት ማንም ሳይልከኝ ነው። ግርማን ላስደስተው ብዬ።

«ኮታችሁን ወስዳችኋል። ሳሙና ትበላላችሁ እንዴ?» አለኝ ሻጩ።

«እኛ አይደለንም፤ ወንድሜ ለመኪና ጨርሶት ነው።»

«ደሴ ያለው ወንድምህ?»

ሰውየው ትንሽ አየኝና ግማሽ ሳሙና ቆርጦ ሰጠኝ። እየሮጥኩ ገባሁ።

በዚያ ሳሙና የመጨረሻውን ቀዳዳ አገኘነው፤ ቱቦው ከሥሩ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ተሰንጥቆ ነበር። ግርማ የተሰነጠቀውን ቆርጦ ጥሎ፣ የቀረውን ስቦ አሰረው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት የቀበሌ ሰዎች መጥተው፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወሰዱት። ጋሽ ታደሰ ፒክአፗን ወስደው ከሞከሯት በኋላ፣ እንጦጦን እንዴት እንደወጣችው ሊነግሩት ተመልሰው መጡ። የሚነግሩት ሰው አልነበረም።

በጥቅምት አንድ ደብዳቤ መጣ። በበጋውም አንድ። በሚያዝያ አብሮት የዘመተ ልጅ መጥቶ መሞቱን ነገረን።

ለቀበሌ የጠቆመው የሱቁ ሰውዬ ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አላውቅም። እናቴ ግን አጥር የሚለየንን ጎረቤታችንን እትዬ ዘነበችን ጠረጠረች። ለቅሶ ሲመጡ ፊት ነሳቻቸው። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር፤ ስለ ሳሙናው አልተናገርኩም። እንዳኮረፈቻቸው ሞተች።

አሁን ግቢው ፈርሷል፤ ብቻዬን ነኝ። እትዬ ዘነበች አርጅተው አሉ። አልፎ አልፎ ቤተ ክርስቲያን ሳገኛቸው እጄን ይዘው፣ «እናትህን ምን አድርጌያት ነው ልጄ?» ይሉኛል። ጉልበታቸውን ስሜ እሄዳለሁ። ያኔ እናቴን እፈራ ነበር፤ ዛሬ እሳቸውን እፈራለሁ።