ለሐጂ ሱሩር የቀዳሁት ብርጭቆ

ባለፈው ዓመት በረመዳን ወር፣ ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ሰዓቱን የማልረሳው ጎረቤታችን ሐጂ ሱሩር መግሪብ እስኪደርስ የእጅ ሰዓታቸውን ደጋግመው ያዩ ስለነበር ነው። የቀረውንም ብረሳው ደስ ባለኝ።

አባቴ ጎጃም በረንዳ ማርና ቅቤ ይሸጣል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ ሱቁን እጠብቅለታለሁ። ከአገር ቤት፣ ከጎጃም፣ ጭነት ሲመጣ የዳጉሳ አረቄም አብሮ ይመጣል። ከደንበኛ ጋር በዋጋ ሲስማማ አባቴ አንድ መለኪያ ይቀዳለታል፤ ያለዚያ ግብይቱ ያለቀ አይመስለውም። በእኛ ዘንድ ይህ ነውር አይደለም። ጋዜጣውስ ቢሆን በመጠጥ ማስታወቂያ የተሞላ አይደል?

አረቄውን ወደ ጠርሙስ የምገለብጠው እኔ ነኝ። የምንጠጣውን ውሃም የማስቀምጠው በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ነው። ሁለቱም ከግርማዊነታቸው ፎቶ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ይቆማሉ፤ ውሃው በቀኝ፣ አረቄው በግራ። በዚያ ቀን ግን ቅቤ ፈሶበት መደርደሪያውን ወልውዬ ነበር። ስመልሳቸው ቦታቸውን አላስተዋልኩም።

ሐጂ የጨርቅ ሱቃቸው ከእኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። አባቴ ለጉዳይ ወጥቶ ነበር። አዛን ሲሰማ ቴምር በእጃቸው ይዘው ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ውሃ አልቆብኛል። አንድ ብርጭቆ ትሰጪኛለሽ?»

በቀኝ በኩል ካለው ጠርሙስ ሞልቼ ሰጠኋቸው። ቴምሩን ጎረሱ፤ ቀኑን ሙሉ እንደተጠማ ሰው አንዴ ሳብ አደረጉት። ወዲያው ትን አላቸው። የቀረው በጢማቸውና በነጭ ጀለቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ሱቁ በአረቄ ሽታ ታወደ።

ይቅርታ እንኳ ከአፌ አልወጣም። ሐጂ ውሃውን ራሳቸው አንስተው አሽትተው አፋቸውን ተጉመጠመጡ። «ባለማወቅ ነው፤ አላህ ያውቃል» ብለው ወጡ።

በረንዳው ላይ ሦስት ነጋዴዎች ቆመው ነበር። አንደኛው አፍንጫውን ያዘ።

«ሐጂ፣ ቴምሩን በምን አወረዱት?»

«ተዋቸው እንጂ» አለ ሌላው፣ «የጎጃሞች ጎረቤት ሆነው ስንት ዓመት ይታገሡ?»

ሳቁ። ሐጂ ወደ እኔ ዞረው አዩ። ከባንኮኒው ኋላ ነበርኩ፤ አንገቴን ደፋሁ። «ፈሰሰብኝ» አሉ ሐጂ። ማን እንደቀዳላቸው አልተናገሩም።

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። በክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ሴት ነኝ፤ ይህን ግን ለምክንያትነት ማቅረብ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በዚያው ምሽት አባቴ እራት ላይ ወሬውን ይዞ መጣ። ሐጂ በማግስቱ ጠዋት በሱቅ ድርሻ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ሊያስታርቁ ቀጠሮ ነበራቸው። ታላቁ ወንድም፣ «በረመዳን የሚጠጣ ሰው አይዳኘኝም» ብሏል አለ።

«ሐጂ ሱሩር ይጠጣል? እኔ ስንት ዓመት መለኪያ ስቀዳለት እጄን የመለሰ ሰው!»

ለአባቴም አልነገርኩትም።

ጠዋት ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። አውቶቡሱን መያዝ ነበረብኝ፤ ግን ወደ ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ሁለቱ ወንድማማቾች ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠዋል። እነዚያ ሦስት ነጋዴዎችም አሉ። ሐጂ ከጨርቅ ጥቅሎቹ መካከል አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

«አረቄውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ስለቀጠነ ደገምኩት። «ውሃ መስሎኝ ነው። እሳቸውም ውሃ ብለው ነው የተቀበሉኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሐጂ።»

«ልጅ ናት፤ ተዉአት» አሉ ሐጂ ቶሎ ብለው።

ታላቁ ወንድም ግን አልተወኝም። «ታዲያ ትናንት ሰው ሲስቅባቸው የት ነበርሽ?»

ወደ ቤት ሄጄ ነበር ብል ከሐጂ በቀር ማንም አያውቅብኝም ነበር።

«እዚያው ቆሜ ነበር» አልኩት። «ሁሉንም ሰምቻለሁ።»